ብድር የሚበላ አፈር

«ማዳበሪያ» የሚለው ቃል አዲስ አበባ ላይ ትርጉሙን ከቀየረ ቆይቷል። መርካቶ ገብታችሁ «አንድ ማዳበሪያ ስጠኝ» ብትሉ የሚሰጣችሁ ባዶ ከረጢት ነው። ከሰል በማዳበሪያ ይሸጣል፣ ድንች በማዳበሪያ ይጫናል፣ ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ በሶውንና ቆሎውን በማዳበሪያ ቋጥሮ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል። መሬት ሊያዳብር የመጣው ነገር ተረሳና መያዣው ስሙን ወርሶ ቀረ።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። እኔ ግን ይህች የቃል ጉዞ የአገራችንን የግብርና ታሪክ ባጭሩ የምትናገር ይመስለኛል። መንግሥቶቻችን ላለፉት ስድሳ ዓመታት ገደማ ሲቆጥሩ የኖሩት ከረጢቱን ነው። ስንት ኩንታል ተገዛ? ስንት ኩንታል ጅቡቲ ደረሰ? ስንት ኩንታል ተሰራጨ? ሪፖርቱ እዚህ ላይ ያልቃል። ከከረጢቱ የወጣው ነገር አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ሆነ? ተክሉ አፍ ደረሰ ወይስ መንገድ ላይ ቀረ? ይህን የጠየቀ ባለሥልጣን ካለ ጥቂት ነው። ገበሬው ግን በየዓመቱ ይጠይቃል፤ ዕዳው የእሱ ነውና።

ጥያቄውን ይዤ ወደ ምዕራብ ጎጃም ልውረድ። ስለ ቡሬ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው በ1933 ዓ.ም. አርበኞችና የጌዲዮን ጦር ጣሊያንን ከቡሬና ከማንኩሳ ምሽግ እንዴት እንዳስለቀቁ ነው። የሚገባው ታሪክ ነው። ነገር ግን ጦርነቱ ሳምንታት ቆይቶ አለፈ። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ሽቅብ እስከ ሜጫና እስከ ቆጋ ድረስ በቀዩ አፈርና በገበሬው መካከል ያለው ትግል ግን እስከ ዛሬ አላባራም። ይህን ትግል ጸሐፌ ትእዛዝ አልጻፈውም።

ትግሉን ለመረዳት መጀመሪያ ስለ አንድ ንጥረ ነገር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ፎስፈረስ። በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ነጥሮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1669 ሃምቡርግ ውስጥ ነው። ሄኒግ ብራንድ የሚባል ሰው ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ብዙ ሽንት ሰብስቦ ሲያፈላ፣ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ነገር አገኘ። ወርቅ አልነበረም። ዛሬ በክብሪት ሳጥን ጎን ላይ የምንጭረው ጥቁር ቅባት ውስጥ አንዱ መልኩ አለ። ፎስፈረስ ከኦክስጅን ጋር ሲጣመር ፎስፌት ይሆናል፤ ተክልም ሰውም የሚጠቀመው በዚህ መልኩ ነው።

ተክል ፎስፌትን ምን ያደርግበታል? ቅጠል ከፀሐይ የያዘውን ጉልበት በየሥራው ቦታ የሚያደርስለት ተሸካሚ ይፈልጋል። ይህ ተሸካሚ ኤቲፒ ይባላል፤ በላዩ ሦስት ፎስፌቶች ተሰካክተውበታል። የመጨረሻዋ ፎስፌት ስትነቀል ጉልበት ይለቀቃል፣ ስትመለስ ጉልበት ይጠራቀማል። የዘር ሐረግ መረጃ የሚጻፍበት ዲኤንኤም አከርካሪው ፎስፌት ነው። የእያንዳንዷ ሕዋስ ሽፋንም ያለ ፎስፌት አይሠራም። ተክሉ ሲያፈራ ደግሞ ያለውን ፎስፌት አሰባስቦ ለልጁ ስንቅ እንደሚቋጥር እናት በፍሬው ውስጥ ያኖረዋል። ይህ ስንቅ ፋይቴት ይባላል። እናቶቻችን የጤፍ ሊጥ ሲያቦኩ እርሾው ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይህን ፋይቴት መፍታት ነው፤ ፋይቴት ከተፈታ ሰውነታችን ከእንጀራው ብረትና ዚንክ በቀላሉ ያገኛል። ሳናውቀው ስንት ሳይንስ በቡሆ ዕቃ ውስጥ ኖሯል!

ፎስፌት ያነሰው ተክል ቶሎ አይሞትም፤ ይቀጭጫል። በቆሎ ከሆነ ገና ጉልበት ሳይደርስ የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ሥሩ ያጥራል፣ ስንዴና ገብስ ከሆነ ቅርንጫፍ አያበዛም፣ አበባው ይዘገያል፣ ዝናቡ ሲወጣ ፍሬው ገና እሸት ነው። ጎረቤት የሚያየው ሰነፍ ገበሬ ነው። የረኃቡ ምክንያት ግን ከአፈሩ በታች ተደብቋል።

የፎስፌት ዋናው ጣጣ ያለው አመሉ ላይ ነው። ናይትሮጅን ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ከውሃው ጋር ወደ ሥር ይጓዛል። ፎስፌት ግን ቤቱ ካልሄዱለት ከቤቱ የማይወጣ ኩሩ ሰው ነው። አፈር ውስጥ በአንድ ክረምት የሚንቀሳቀሰው በሚሊ ሜትር የሚለካ ርቀት ነው። ስለዚህ ሥሩ ራሱ እየረዘመ፣ ፀጉር እያበቀለ ሊደርስበት ይገባል። ከደረሰም በኋላ በር ተከፍቶ የሚገባ አይደለም። በሥሩ ውስጥ ያለው ፎስፌት በአፈሩ ውሃ ውስጥ ካለው በብዙ መቶ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ሥሩ ጉልበት እየከፈለ ነው ስቦ የሚያስገባው። አብዛኞቹ ሰብሎች ለዚህ ሥራ ረዳት ይቀጥራሉ። ከሥራቸው ጋር ተዋህደው የሚኖሩ ቀጫጭን ፈንገሶች አሉ። ፈንገሱ ክሩን ሥሩ ወደማይደርስበት እየዘረጋ ፎስፌት ያመጣል፤ ተክሉ ደግሞ ስኳር ይከፍለዋል። የእኩል አራሽ ውል በሉት።

እንግዲህ ወደ ቀዩ አፈር እንመለስ። የቡሬና የፍኖተ ሰላም አፈር የቀላው በብረት ዝገት ነው። ለሺህ ዓመታት የወረደው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ወደ ዓባይ ወሰደው፤ ብረቱና አሉሚኒየሙ ቀሩ። አፈሩም ኮመጠጠ። ኮምጣጣ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፌት ሲያገኙ አይለቁም። ጠምደው ይይዙታል፤ ውሎ ባደረ ቁጥርም አያያዛቸው ይጠብቃል። በአንድ ሄክታር የላይኛው አፈር ውስጥ ከብዙ መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ኪሎ ግራም ፎስፈረስ ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ቀን ተክሉ ሊወስደው በሚችል መልኩ በአፈሩ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘው ግን ከአንድ ኪሎም ያንሳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ይህን ችግር ዓለም ያወቀው ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ተክል ማዕድን እንደሚመገብ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። በ1842 እንግሊዛዊው ጆን ቤኔት ሎዝ አጥንትና የፎስፌት ድንጋይ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ማዳበሪያ የመሥራት የባለቤትነት መብት አወጣ። ሎዝ በ1843 ሮተምስቴድ በሚባለው ርስቱ ላይ የጀመረው የስንዴ ሙከራ እስከ ዛሬ ይዘራል። አስቡት፣ ደጃዝማች ካሣ ገና ዳግማዊ ቴዎድሮስ ሳይባሉ የተጀመረ የአፈር ሙከራ እስከ ዛሬ ውጤቱ ይመዘገባል። እኛ ዘንድ ሚኒስትር ሲቀየር ሙከራው ይቀየራል።

የእኛ ታሪክ ከዓለማያ ይጀምራል። ከኦክላሆማ የመጡት አሜሪካዊው የአፈር ባለሙያ ኤች. ኤፍ. መርፊ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተቀምጠው ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የተሰበሰበ አፈር መረመሩ። ውጤቱንም አጠቃለው እ.ኤ.አ. በ1968 አወጡ። ካገኟቸው ነገሮች ዋናው አብዛኛው የኢትዮጵያ አፈር ተክል ሊወስደው የሚችል ፎስፈረስ እንደሚያንሰው ነበር። በዚያው ሰሞን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በገበሬ ማሳ ላይ የማዳበሪያ ማሳያ ጀምሮ ነበር፤ ስዊድኖችም አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ ፕሮጀክታቸውን ተክለዋል።

አሁን ደግሞ በዚያው ዓመት ጎጃም ውስጥ ምን ይሆን እንደነበር እናስታውስ። 1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ምክንያት ያመፀበት ዓመት ነው። ገቢ ገማች ኮሚቴ ሲመጣበት «መሬቴን ቆጥረው ሊወስዱብኝ ነው» ብሎ ጠመንጃውን አነሣ። ርስቱ ተቃላድ ሊጣልበት እንደሆነ ጠረጠረ። ሁለቱ ነገሮች በቀጥታ የተያያዙ አይደሉም። ሆኖም በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ወገን «አፈራችሁ ተርቧል» የሚል ጽሑፍ ያሳትማል፣ ሌላው ወገን ያንኑ የተራበ አፈር «ምን ያህል ታስገኛለህ?» ብሎ ሊገምት ይመጣል። መንግሥት ገበሬው ደጅ ቀድሞ የደረሰው በግብሩ ነው፤ በምርምሩ አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጣ ከረጢት ሁሉ በጥርጣሬ ቢታይ ይፈረዳል?

እ.ኤ.አ. በ1971 አነስተኛ የጥቅል ፕሮግራም የሚባለው መጣ። በዋና ዋና መንገዶች ግራና ቀኝ ለሚገኙ ገበሬዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ማቅረብ ነበር ዓላማው። ዳፕና ዩሪያ ወደ ገጠራችን የገቡት በዚህ ዘመን ነው። ዳፕ ጠቆር ያለው ነው፤ ፎስፌቱ ያለው እሱ ላይ ነው። ዩሪያ ነጩ ነው፤ ናይትሮጅን ብቻ ነው። እነዚህ ሁለቱ ለአርባ ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ገበሬ የሚያውቃቸው ብቸኛ ማዳበሪያዎች ሆነው ኖሩ።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬትን ለአራሹ አወጀ። ማዳበሪያው ግን ባመዛኙ ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሄደ። ጎጃም ትርፍ አምራች ስለነበር የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የኮታ እህል በቁርጥ ዋጋ ይወስድበታል። ልብ በሉ፤ አንድ ቶን በቆሎ ከማሳ ሲወጣ ወደ ሦስት ኪሎ ግራም ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል። በኮታ የተጫነው እህል ሁሉ የጎጃምን አፈር ፎስፈረስ በጆንያ እየቋጠረ ወደ ከተማና ወደ ጦር ካምፕ ይወስድ ነበር ማለት ነው። የእህሉ ዋጋ አነሰ ብለን ስንከራከር ኖረናል፤ የአፈሩን ዋጋ ግን ማንም አልጠየቀም።

ከ1985 ዓ.ም. በኋላ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና የኖቤል የሰላም ተሸላሚው ኖርማን ቦርላግ የነበሩበት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በገበሬ ማሳ ላይ ትልልቅ ማሳያዎች አሳየ። ምርጥ ዘር፣ ዳፕ፣ ዩሪያ፣ ክትትል። ውጤቱ ዓይን የሚሞላ ነበር። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1995 ይህንኑ ወስዶ የአገር ፕሮግራም አደረገው። ቢኤች 660 እና ቢኤች 540 የሚባሉት ከባኮ የወጡ ድቅል በቆሎዎች ምዕራብ ጎጃምን አጥለቀለቁት። ከቡሬ እስከ ሜጫ ያለው አገር የበቆሎ አገር የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ይህን ማጣጣል ግፍ ነው፤ በሄክታር አሥርና አሥራ አምስት ኩንታል የሚያገኝ ገበሬ ከእጥፍ በላይ አገኘ።

ችግሩ ቀመሩ አንድ ብቻ መሆኑ ነበር። በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ለደጋውም ለቆላውም፣ ለቀዩም ለጥቁሩም፣ ለጤፉም ለበቆሎውም ያው ነው። አንድ ሐኪም በር ላይ ቆሞ ለገባው በሽተኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ክኒን ቢያድል ምን እንለዋለን?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በ100 ኪሎ ዳፕ ውስጥ ያለው ንጹሕ ፎስፈረስ 20 ኪሎ ግራም ነው። ፎስፌትን በሚያሥር ቀይ አፈር ላይ የዚያ ዓመት ሰብል ከዚህ የሚያገኘው ከመቶ አሥርም ሃያም ቢሆን ነው። ሁለት ወይም አራት ኪሎ ማለት ነው። ሌላው አፈር ውስጥ ይታሠራል። ለዘለዓለም ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከፊሉ በሚቀጥሉት ዓመታት ቀስ እያለ ይለቀቃል። ብድሩ ግን ቀስ እያለ አይከፈልም። ብድሩ የሚከፈለው ጥር ላይ ነው፤ እህል በረከሰበት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሸጦ ዕዳ በሚከፍልበት ወቅት። ያኔ ለብድሩ ዋስ የሆነው የክልሉ መንግሥት ነበር። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ክረምት ላይ መካሪ፣ በጋ ላይ ዕዳ ሰብሳቢ ሆነ። መካሪህ ዕዳ ሊጠይቅህ ሲመጣ ምክሩን በምን ጆሮህ ትሰማለህ? በሬውን ሸጦ የከፈለ ገበሬ በየአገሩ አለ።

1993 እና 1994 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ዝናቡ አማረ፣ በቆሎው ጎተራ ሞላ፣ ዋጋው ወደቀ። አወዳደቁ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ በቆሎውን ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበር፣ የአጨዳና የማጓጓዣውን ስለማያወጣለት። በሚቀጥለው ክረምት ብዙው ገበሬ ማዳበሪያ አልወስድም አለ፤ በላዩ ድርቅ ተጨመረ። በጥጋብ ዓመት የከሠረ፣ በድርቅ ዓመት የተራበ ገበሬ ነው የነበረን። «ገበሬው ቴክኖሎጂ አይቀበልም» የሚለውን ወሬ የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። ተቀብሎ ነበር እኮ! ሒሳቡ ነው እምቢ ያለው።

ቡሬ ላይ አንድ አዛውንት ገበሬ «አባቴ፣ ማዳበሪያው እንዴት ነው?» ብላቸው «ልጄ፣ መሬቱ ማዳበሪያ ለመደ። ካልሰጠኸው አይሰጥህም፤ ብትሰጠውም እንደ ድሮው አይመልስልህም» አሉኝ። ይህ አነጋገር ከቡሬ እስከ ቆጋ በየቤቱ አለ። የተማረው ሰው ይስቅበታል። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም። ዳፕ አሞኒየም አለው፣ ዩሪያም አፈር ውስጥ ሲገባ ወደ አሞኒየም ይለወጣል፤ አሞኒየም አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አፈሩን ያኮመጥጠዋል። ገለባው ለከብት፣ እበቱ ለኩበት፣ ፍሬው ለገበያ ሲሄድ ደግሞ ኮምጣጤውን የሚያበርድ ነገር ወደ ማሳው አይመለስም። አፈሩ በኮመጠጠ ቁጥር አሉሚኒየሙ ይነቃል፤ ሥሩን ያሳጥረዋል፣ ፎስፌቱንም ያሥረዋል። ስለዚህ ለዓመታት ያለ ኖራና ያለ ፍግ ብቻውን የተጨመረ ማዳበሪያ የሚቀጥለውን ዓመት ማዳበሪያ ጉልበት ይቀንሰዋል። አዛውንቱ «ለመደ» ያሉት ይህንን ነው። ኬሚስትሪው ሌላ ስም ቢሰጠውም ምስክርነቱ ያው ነው።

ቆጋ ላይ ነገሩ ይብስ እንደሆነ እንጂ አይቀልም። መራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ ተሠርቶ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ በመስኖ እንዲለማ ታቀደ። ድሮ በዓመት አንዴ የሚታረስ ማሳ አሁን ሁለቴ ያመርታል፤ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ በቆሎ። እሰየው ነው። ነገር ግን ውሃው በእጥፍ ሲመጣ ከአፈሩ የሚወጣው ፎስፈረስም በእጥፍ ይወጣል። ውሃ ረኃብን የሚያስታግሰው አፈሩ የሚሰጠው ሲኖረው ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል ነበር፤ የቆጋን ልጅ ደግሞ ውሃ ሞልቶለት ፎስፌት እንዳይጠማው እሰጋለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የአገሪቱን አፈር በካርታ የማስፈር ሥራ ተጀመረ። ከመርፊ ጥናት ከአርባ ዓመት በላይ በኋላ መሆኑ ነው። ድኝ፣ ቦሮን፣ ዚንክ፣ በአንዳንድ ቦታም ፖታሽየም እንደሚያንስ ተነገረ። ዳፕም ቦታውን ኤንፒኤስ ለሚባለው፣ ድኝ ለተጨመረበት ማዳበሪያ ለቀቀ። ጥሩ እርምጃ ነበር። ግን ከዳፕ ጋር ሲነጻጸር የፎስፌት ድርሻው ከ46 ወደ 38 መውረዱን ለገበሬው ያስረዳው ስንት ባለሙያ ነው? ደግሞስ በርን ቁልፍ የዘጋበት ቤት እንግዳ ቢለዋወጥ ምን ይጠቅማል? ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 40 ከመቶ ያህሉ ኮምጣጣ እንደሆነ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ምዕራብ ጎጃምና አዊ ከዋነኞቹ ተጎጂዎች ናቸው።

የኮምጣጣ አፈር መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ኖራ ነው። የተፈጨ ኖራ ኮምጣጤውን ያበርዳል፣ አሉሚኒየሙን ያስተኛል፣ የታሠረውን ፎስፌት ከፊሉን ያስፈታል። አዲስ የሚጨመረውም ቶሎ እንዳይታሠር ያደርጋል። ታዲያ ኖራው የት አለ? የዓባይን ሸለቆ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ያቋረጠ ሰው ግድግዳው ላይ ተደርድሮ ያየዋል። ያ ግራጫ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። ጎጃም ኖራውን እንደ መቀነት ታጥቆ ነው የሚኮመጥጠው! ችግሩ ክብደቱ ነው። ለአንድ ሄክታር በቶን የሚቆጠር ኖራ ያስፈልጋል። መፍጨት፣ መጫን፣ ማራገፍ፣ በአህያ ማሳ ድረስ ማድረስ አለ። ማዳበሪያን ከሞሮኮ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ቡሬ የሚያደርስ አገር ኖራን ከደጀን ቡሬ ማድረስ እንዴት ያቅተዋል?

ሞሮኮን ካነሣሁ አይቀር፤ በዓለም ከሚታወቀው የፎስፌት ድንጋይ ክምችት ወደ 70 ከመቶ የሚጠጋው ያለው እዚያ ነው። ይህ ማለት የቡሬ ገበሬ ሽሮ ወጥ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ባለ የድንጋይ ዋጋ ላይ ተንጠልጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2008 የዳፕ ዋጋ በዓለም ገበያ ቶኑ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ሲወጣ፣ በ2022 በዩክሬን ጦርነት እንደገና ሲንር ጎጃም ላይ ተሰምቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ኩባንያ ጋር ድሬዳዋ ላይ ፋብሪካ ለመትከል ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ዓመታት አለፉ፣ ፋብሪካው አልተተከለም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴ ፋብሪካ ደግሞ የዩሪያ ነው። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው እንጂ ፎስፌት አይደለም። ወለጋ ውስጥ ጊምቢ አጠገብ ቢቂላል ላይ ፎስፌት ያዘለ ድንጋይ እንዳለ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን ማሳ አልደረሰም።

2015 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ በአማራ ክልል ገበሬው ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ አደባባይ ወጣ። አንድ ትውልድ በፊት በግድ ይሰጠኝ ነበር ሲል ያማርር የነበረው ገበሬ፣ አሁን በግድ ስጡኝ አለ። ዘር መዝሪያው አይጠብቅም፤ በተለይ ፎስፌት ከዘሩ ጋር ካልገባ ዘግይቶ መምጣቱ ትርጉም የለውም፤ ከላይ ቢበትኑት ወደ ሥሩ አይወርድምና። ሐምሌ የደረሰ ዳፕ ለሠርግ ማግስት እንደ ደረሰ ጠላ ነው። ከዚያ ወዲህ በጎጃም የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ በተዘጋበት አገር ከረጢት አይደርስም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ስለ አንዲት የተናቀች ተክል ልናገር። ግብጦ። ከጎጃም ውጭ ብዙ ሰው አያውቃትም። ስሟ ግብጽን ያስታውሳል፤ ግብጾችም ተርሙስ ብለው ይበሏታል። እኛ ዘንድ መራራነቷ እስኪወጣ ተቆልታ፣ ለቀናት ወንዝ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፋ ትበላለች፤ አረቄም ይወጣታል። ግብጦ የሚበላ ሰው ችግረኛ ነው ተብሎ ይታማል። ገበሬው የሚዘራት ሌላ ነገር እምቢ ባለው፣ በደከመው ማሳ ላይ ነው። ማዳበሪያ አይጨምርላትም፤ ደጋግሞ አያርስላትም። እሷ ግን ትበቅላለች። እንዴት?

ሳይንስ ይህን ሲመረምር የሚያስገርም ነገር አገኘ። ግብጦ እንደ ሌሎቹ ሰብሎች ፈንገስ አትቀጥርም። ፎስፌት ሲያጥራት ራሷ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስሉ ጥቅጥቅ ያሉ ሥሮች ታበቅላለች። ከነዚህ ሥሮች ሲትሬት፣ የሎሚ ኮምጣጤ ማለት ነው፣ ወደ አፈሩ ታፈስሳለች። ሲትሬቱ ብረቱንና አሉሚኒየሙን ይይዝላታል፤ እጃቸው ሲያዝ ፎስፌቱ ያመልጣል፣ እሷም ትስበዋለች። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሙከራ ያፈሰሰችው ሲትሬት ከደረቅ ክብደቷ ሩብ የሚጠጋ ነበር። የጉልበቷን ሩብ ከፍላ እሥረኛ ታስፈታለች! ከአየር ናይትሮጅንም ትይዛለች። ግብጦን ከሌላ ሰብል ጋር ያፈራረቀ ገበሬ «መሬቱ ይታከማል» የሚለው ለካ ምክንያት አለው።

እውነቱን ለመናገር ግብጦ ተአምር አትሠራም። አፈር ውስጥ የሌለ ፎስፌት አትፈጥርም፤ ያለውን ነው የምታስፈታው። እሷን አጭደን ከወሰድናት የወሰደችውን ይዛ ትሄዳለች። ሆኖም እጅ ላይ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራልና፣ በሌላ ዓለም ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትደነቅ ተክል በአገሯ የድሃ ምግብ ተብላ ቀርታለች። ምሬቷ የቀነሰ ዝርያ አግኝቶ ለገበሬው ማዳረስ ከፋብሪካ መትከል ይረክሳል።

አመድም እንዲሁ ነው። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፤ ፎስፌቱ ግን አይነድም፣ አመድ ውስጥ ይቀራል። አመድ ራሱ ኮምጣጤ ያበርዳል። የጎጃም እናቶች አመዱንና ጥራጊውን ጓሮ ስለሚደፉ ነው ጎመኑና ዱባው ያለ ማዳበሪያ የሚፋፋው። ከጓሮው መቶ እርምጃ ርቆ ያለው ማሳ ግን ይራባል። በረቱን በበጋ ከማሳ ማሳ እያዘዋወሩ የሚያስተኙ ገበሬዎችም ነበሩ፤ የግጦሽ መሬት ሲያልቅ ይህም እየቀረ ሄደ። ሃምቡርጋዊው ብራንድ ያንን የሚያበራ ነገር ያገኘው ከሽንት እንደነበር አትርሱ። ከጎጃም በእህል ተጭኖ የመጣው ፎስፌት አዲስ አበባ ደርሶ የሚጨርሰው ሽንት ቤት ነው። ወደ መጣበት የሚመልሰው የለም።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። ማዳበሪያ ይቅር የሚል ሰው አልሰማም፤ ያለ ፎስፌት የሚበላ ሕዝብ የለም፣ ፍግ ብቻውን ይህን ሁሉ ሰው አያበላም። ነገር ግን አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለገበሬ ስንሸጥ የማሳው ኮምጣጣነት ስንት እንደሆነ አብረን እንንገረው። ኮምጣጣ ከሆነ መጀመሪያ ኖራውን እናድርስለት፤ ኖራው እስኪደርስ ማዳበሪያውን በመስመር ከዘሩ አጠገብ አድርጎ በትንሹ እንዲጠቀም እናሳየው። ብድሩ የሚከፈልበትን ወር ከእህሉ ዋጋ ጋር እናስማማው። የአፈር ምርመራ ለዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፍ ብቻ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሰው የደም ምርመራ በየወረዳው የሚገኝ፣ ገበሬው ውጤቱን በራሱ ቋንቋ ይዞት ወደ ቤቱ የሚሄድ ነገር ይሁን።

መርፊ «አፈራችሁ ፎስፈረስ ተርቧል» ካሉ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጎጃም ገበሬ የከፈለው ዕዳ ሰብሉ ለበላው ፎስፌት ብቻ አልነበረም፤ አፈሩ አሥሮ ላስቀረውም ጭምር ከፍሏል። ያ የታሠረ ፎስፌት አሁንም ማሳው ውስጥ አለ። የእሱ ገንዘብ ነው፤ ይፈታለት።